እናትየው ገና አልተረዳችም

እናቴ ትዕግሥት ማጣቴን ለሰው ስታስረዳ «የሰባት ወር ልጅ ናት» ትላለች። ዘጠኝ ወር ሙሉ ተሸክማኝ እንደነበር እሷም እኔም እናውቃለን፤ ግን ማን ይከራከራታል። ሻዩ ሳይፈላ አወርዳለሁ። የታክሲ ሰልፍ ከረዘመብኝ ከለቡ መብራት ኃይል ተነስቼ ፀሐይ እየጠበሰኝ በእግሬ እገሰግሳለሁ፤ ሰልፉ ላይ የነበሩት ሰዎች በታክሲ አልፈውኝ ሲሄዱ እያየሁም አልማርም። ላፕቶፔ ላይ አንድ ፕሮግራም ለጥቂት ሰከንድ ዝም ካለኝ ደግሞ ጥቁሯን የትእዛዝ መስኮት ከፍቼ እገድለዋለሁ።

መግደል ስል ሥራዬን እያወራሁ ነው። አገር አቋራጭ አውቶቡስ የሚያሰማራ ድርጅት ውስጥ የኮምፒውተር ሲስተሙን እጠብቃለሁ። በየከተማው ያሉት ትኬት ቆራጮች ሁሉ መሀል ከተማ ዋናው መሥሪያ ቤት ከተቀመጠ አንድ ሰርቨር ጋር ነው የሚነጋገሩት፤ እኔ በሳምንት ሦስት ቀን ከኮንዶሚኒየማችን ጠባቧ ክፍል ሆኜ በኢንተርኔት እገባበታለሁ። እየሠራ ያለ ፕሮግራም ፕሮሰስ ይባላል፤ እያንዳንዱም የራሱ ቁጥር አለው። አንዱ ሲያስቸግር ዝርዝሩን አወጣለሁ፣ ቁጥሩን እፈልጋለሁ፣ «ኪል» ብዬ ቁጥሩን እጽፍና አስገባ የምትለዋን ቁልፍ እጫናለሁ። ጉልበቴ ላይ ያለው ላፕቶፕም፣ ከተማውን አቋርጦ ያለው ሰርቨርም በጥቁሯ መስኮት ሲታዩ አንድ ናቸው። ሩቁን ለመግደል ከቅርቡ የበለጠ አይደክምም።

አገዳደሉ ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ልመና ነው፦ ፕሮሰሱ «ጨርስና ውጣ» ይባላል፣ የከፈተውን ፋይል ይዘጋል፣ የያዘውን ያስረክባል፣ ከዚያ ይሄዳል። ሁለተኛው ትእዛዙ ላይ ዘጠኝ ቁጥር የሚጨመርበት ነው። ዘጠኝ ከተጨመረ ልመና የለም፤ ያለበት ላይ ይቆረጣል። እኔ ዘጠኝን እወዳት ነበር። «ዘጠኝ ሞት መጣ ቢለው አንዱን ግባ በለው አለ» እያልኩ ቢሮ ውስጥ እቀልድባት ነበር። ልመናውን ሞክሬ ውጤቱን የምጠብቅበት ልብ አልነበረኝም።

ይህን ሥራ ያስተማረኝ ሰውዬ በዕድሜ አባቴ ሊሆን ምንም አይቀረው። ጋሼ ነው የምለው። ከደቡብ የመጣ፣ ሀና ማርያም አካባቢ የሚኖር፣ እሑድ እሑድ መዘምራን ውስጥ የሚቆም ጴንጤ ነው፤ ቢሮ ውስጥ ሌላው ሁሉ «ኪል አድርገው» ሲል እሱ አንድም ቀን ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። «ግደይው» ማለትም አይሆንለትም፤ አፍ ላይ ኃይል አለ ብሎ ያምናል። «አሳርፊው» ነው የሚለው። ከርሱ ጋር ስንሠራ ሁላችንም እንደሱ ሆንን። «አረፈ?» ይለኛል በስልክ። «አርፏል» እለዋለሁ። ቀጥሎ ሁሌም ያቺኑ ጥያቄ ይጠይቃል፦ «በራሱ ነው በግድ?» በልመናው ከሄደ በራሱ፣ በዘጠኝ ከተቆረጠ በግድ። እኔ ዘጠኝ መትቼ «በራሱ» ብዬ ስዋሽ በድምፄ ያውቅብኛል፤ ይስቃል፣ «ተባረኪ፣ ሰባት ወር» ይለኛል። እናቴ ነግራው ነው።

አንድ ቀን ደግሞ ዘጠኝ የማይነካው ፕሮሰስ አጋጠመኝ። ደጋግሜ መታሁት፤ ስሙ ከዝርዝሩ ንቅንቅ አላለም። ጋሼ ወንበሩን ወደ እኔ ጎትቶ አየና ይሄ ሞቷል፣ የሞተ አይሞትም አለኝ። ፕሮሰስ ሌላ ፕሮሰስ ይወልዳል፤ ልጅ ሲያርፍ ስሙ የሚሰረዘው ወላጁ መሞቱን ስትሰማ ነው። ወላጅየዋ በሌላ ነገር ተጠምዳ ካልሰማች ልጁ ሞቶም ስሙ ዝርዝሩ ላይ ተሰቅሎ ይኖራል። ፈረንጆቹ የሰጡትን «ዞምቢ»፣ የሚሄድ ሬሳ፣ የሚል ስም ጋሼ አልወደደውም፤ «እናትየው ገና አልተረዳችም» ብሎ በራሱ አማርኛ አስቀመጠው። የኛ ቋንቋ ሲገባን «ተረዳን» ይላል፤ መርዶ ስንሰማም «ተረዳን» ይላል። ሁለቱም ልክ ስለሆኑ አባባሉ ቢሮ ውስጥ ጸደቀ።

በዚያው ሰሞን ነው የእናቴ ታናሽ ወንድም ደሴ ሆስፒታል የገባው። እናታቸው እሱ ገና ጡት ሳይጥል ስለሞተች እናቴ ናት አዝላ ያሳደገችው፤ እሷም ራሷ ልጅ ነበረች። ፀጉሩ ሸብቶም «ልጁ» ነው የምትለው። «ልጁ ደወለ?»፣ «ልጁ በላ?»። እኛም ለምደን አጎቴን ቤት ውስጥ «ልጁ» ነው የምንለው።

እናቴ ደም ብዛት አለባት፤ ጉልበቷም ደረጃ አይወድም። ብቻዋን ደሴ ድረስ መሄድ ስለማትችል እኔ እንድወስዳት ትጠይቀኝ ጀመር። እሑድ አልኳት። እሑድ ሲመጣ የሚቀጥለው እሑድ አልኳት። አሮጌውን ሰርቨር በአዲስ የምንተካበት ወቅት ስለነበር ሰበብ አላጣሁም፤ እውነተኛ ሰበብም ነበር። ግን በሁሉ ነገር የምቸኩል ሴት በዚህ በአንዱ ብቻ የዘገየሁት በሥራ ምክንያት አልነበረም። ፈርቼ ነው። የታመመ ሰው አልጋ አጠገብ ተቀምጦ መጠበቅ አልችልበትም፤ እዚያ የሚቸኮልለት ነገር የለም። በየቀኑ በመቶ የሚቆጠር ሰው ወደ ደሴ የማሳፍረው እኔ እናቴን ማሳፈር አቃተኝ።

የአጎቴ ሚስት ደግሞ ከመጣችሁ ቶሎ ኑ ብላ ነግራኝ ነበር። ከዚያም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ክፉ ነገር ከመጣ መጀመሪያ ለእኔ እንደሚደወልልኝ፣ እኔም ዘመድና ጎረቤት ሰብስቤ በማለዳ በወጉ እንዳረዳት ተስማማን። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ያውም ደም ብዛት ላለበት ሰው። እናቴ ይህን ስምምነት ማንም ሳይነግራት አውቃዋለች። በዕድሜዋ ስንቱን አርድታ፣ ስንት ቤት በማለዳ ነጠላዋን ተከናንባ ገብታለች። ስለዚህ የእኔ ስልክ በጮኸ ቁጥር ከማእድ ቤት ብቅ ብላ ፊቴን ታያለች። በማለዳ በር ከተንኳኳ ደግሞ እኔ እስክከፍት እጇ ደረቷ ላይ ነው። በወሩ አምስተኛ ቀን መካኒሳ አቦ ስማ ስትመለስም ከሰላምታ በፊት «ደወሉ?» ብላ ነበር የምትጠይቀኝ። ሁለታችንም በአንዲት ስልክ ዙሪያ እንቅልፍ አጥተን ከረምን።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ መብራት ጠፋ። ሰፈራችን በመብራት ኃይል ይጠራል እንጂ መብራቱ እንደ እንግዳ ነው፤ ሲመጣ ደስ ይለናል፣ ሲሄድ አንከፋም። ላፕቶፔ ባትሪ ላይ ነበር፤ ባትሪው ደግሞ አርጅቷል። በዚያችው ሰዓት ጋሼ ደውሎ ትኬት መታተም አቁሟል፣ መስኮቶቹ ላይ ሰው ተሰልፏል አለኝ። የጆሮ ማዳመጫዬን ሰክቼ በስልኬ ኢንተርኔት ሰርቨሩ ውስጥ ገባሁ። ትኬት የሚያትመው ፕሮሰስ የወለደው አንድ ልጅ ሌሊት ሞቶ ቀርቷል፤ እናትየው ደግሞ መሞቱን ሳትሰማ ሌላ ነገር ስትጠብቅ ደርቃ ቆማለች። ባትሪዬን አየሁት፤ ሩብም አይሞላም። ጣቴ ወደ ዘጠኝ ሄዳ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያወራሁትን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ ብዙ ጊዜ ተጠይቄበታለሁና።

«ሌሊት ነው ያረፈው ጋሼ» አልኩት። «እናትየው ግን ገና አልተረዳችም።»

እሱ እናትየዋን በዘጠኝ እንዳልመታት ለመነኝ። የሌሎቹን ትኬቶች ሁሉ ይዛለች፤ በግድ ከተቆረጠች የጠዋቱ ሁሉ ይጠፋል፣ በልመና አናግሪያት አለኝ።

«እሺ ይሁን፣ ቀስ ብዬ አደርገዋለሁ» አልኩ። «ልክ ነዎት፤ በድንገት ከሆነ ሁሉንም ይዛ ነው የምትወድቀው። እስከዚያ ለማንም እንዳይናገሩ።»

ለማንም እንዳይናገር ያልኩት አለቃችን ከሰማ ስልክ ላይ ጮኾ ስለሚያደናግረኝ ነው።

በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። እናቴ ሻይ ይዛልኝ መጥታ እንደነበር ያወቅሁት በኋላ ነው፤ ብርጭቆው ከበሩ አጠገብ ከጫማ መደርደሪያው ላይ ቀዝቅዞ አገኘሁት። ለወትሮው የያዘችውን ሳትሰጥ የምትመለስ ሴት አይደለችም። ደሴ ያሉትን ሽማግሌ ዘመዶቻችንንም ጋሼ ነው የምላቸው።

ልመናውን ለእናትየዋ ላክሁላትና እጄን ታፋዬ ሥር ከትቼ ተቀመጥኩ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ዘጠኝ አምራኝ አታውቅም። እግሬ መሬቱን ይደበድባል፣ ባትሪው ይወርዳል፣ ጋሼ በጆሮዬ «ተዪያት፣ እየሰበሰበች ነው» ይለኛል። ውጭ በር ሲከፈትና ሲዘጋ፣ ወንበር ሲጎተት ይሰማኛል፤ ጎረቤት ሻማ ፍለጋ የመጣ መስሎኝ ነበር። ከብዙ ዝምታ በኋላ እናትየዋ የያዘችውን ሁሉ አስረክባ ወጣች፤ የሟቹም ስም አብሮ ከዝርዝሩ ጠፋ። ፕሮሰሱን እንደ አዲስ አስነሳሁት፣ ትኬት መታተም ጀመረ። «በራሱ ነው በግድ?» አለኝ ጋሼ። «በራሷ» አልኩት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልዋሽ። ደስ ብሎኝ ማዳመጫዬን ነቅዬ ወደ ሳሎን ወጣሁ።

ሳሎኑ በሴቶች ተሞልቷል። እናቴ ፍራሽ አስነጥፋ መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ የነጠላዋ ጥለት ተዘቅዝቋል። ፊት ለፊታችን የምትኖረው ወላይታ ጎረቤታችን እጇን ይዛታለች። ሌሎቹ እኔን ሲያዩ ዓይናቸውን ወደ መሬት ሰበሩ።

«በይ ንገሪኝ» አለችኝ እናቴ። «ቀስ ብለሽ አልነበር ልትነግሪኝ ያሰብሽው? ይኸው ሰው ሰብስቤልሻለሁ።»

እኔ ምን ሊገባኝ። የታየኝ ጥለቱ ብቻ ነው። ደሴዎቹ ስምምነታችንን አፍርሰው ለእርሷ ቀጥታ ደውለውላት ነው ብዬ ደመደምኩና እዚያው በሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እናቴ እኔን ስታይ የቀራት ጥርጣሬ ካለም ለቀቃት። ሴቶቹም ከእኔ እንባ የበለጠ ምን ማስረጃ ይሹ። እኔ ከእርሷ ሰማሁ፣ እርሷ ከእኔ ሰማች፣ ለቅሶው ሞቀ።

ሰው በለቅሶ ውስጥ የሚናገረውን አይመርጥም። እናቴ እኔን አንድ ቃል አልወቀሰችኝም። ለወንድሟ ነበር የምትናገረው። እሑድ እመጣለሁ ብዬህ ቀረሁብህ፣ እሑድን እሑድ ወለደው፣ እያየኸኝ እንድትሄድ ፈልጌ ነበር፣ አዝዬ አሳድጌህ ሳልሸኝህ ቀረሁ ትለዋለች። እያንዳንዷ እሑድ የእኔ እንደነበረች ሳሎኑ ውስጥ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ከዚያ በፊት በዕድሜዬ በብዙ ነገር አፍሬያለሁ፤ እንደዚያ ግን አላፈርኩም።

ስልኬ ጮኸ። የአጎቴ ቁጥር ነው። ሚስቱ ናት ብዬ ነው ያነሳሁት፤ እያለቀስኩ ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ ከፍቼ ፍራሹ ላይ አስቀመጥኩት።

«ምነው ዛሬ ሁላችሁም ስልክ አታነሱም?» አለ አጎቴ። ድምፁ ቀጭን ነበር፣ ግን የራሱ ነው። «እህቴን አገናኙኝ፣ ገንፎ አምሮኛል።»

እናቴ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች።

«ከየት ነው የምትደውለው?» አለችው።

«ከአልጋዬ ነዋ። የት ልሄድ ኖሯል?»

ወላይታዋ ጎረቤታችን ሃሌ ሉያ አለች፤ የእናቴ የአቦ ማኅበርተኞች እልል አሉ። አንዷ ለእድሩ ደውላ ድንኳን አስነስታ ኖሮ መኪናው ደረጃው ሥር ሳይደርስ ለማስመለስ ስልኳን ይዛ ወደ በረንዳ ሮጠች። እናቴ ስለ ገንፎው ስታወራ፣ ቅቤው እንዳይበዛ ስትመክረው፣ ጥለቷን በአንድ እጇ ወደ ቦታው ስትመልስ አያታለሁ። ስልኩ ሲዘጋ ወደ እኔ ዞረች።

«ታዲያ ያረፈው ማነው?»

ላፕቶፔን አምጥቼ፣ በቀረችው ባትሪ፣ በዚያ ሁሉ ሴት መሀል አስረዳኋት። ልጅ ፕሮሰስ እንዴት እንደሚሞት፣ እናትየው ካልተረዳች ስሙ እንዴት ተንጠልጥሎ እንደሚቀር፣ እናት የሌላቸውን ፕሮሰሶች ሁሉ ደግሞ ቁጥሩ አንድ የሆነ ፕሮሰስ ተረክቦ እንደሚያሳድጋቸው። በዚህ ላይ «ጎሽ» አለች። በመጨረሻ ልጇ ሞቶባት እናትየዋ እንዴት ሳትሰማ እንደቀረች ጠየቀችኝ።

«ሌላ ነገር ስትጠብቅ ነው» አልኳት።

«ሥራ በዛብኝ ትላለቻ» አለች።

ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ዓይኗን ማየት አልቻልኩም። እሷ አልሳቀችም። ሰው ሁሉ ሲወጣ ጠብቃ ነገ ደሴ እንደምትሄድ ነገረችኝ፤ ብትወስጂኝ ከአንቺ ጋር፣ ባትወስጂኝ ከእግዜር ጋር አለችኝ። ለጋሼ ደወልኩለት። ስለ ለቅሶው ስነግረው በመጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ግን ቃሉ የእሱ ነውና ከበደው። ሰርቨሩን እሱ ራሱ እንደሚተካው፣ እኔ እንድሄድ፣ ብዘገይም እንደማይቆጣኝ ነገረኝ። ያኔውኑ ሰርቨሩ ውስጥ ገብቼ በማለዳው የደሴ አውቶቡስ ላይ ጎን ለጎን ሁለት ወንበር ያዝኩ።

ደሴ ስንደርስ እናቴ ገንፎውን በእጇ አበላችው፤ ሦስት ማንኪያ ነው የበላው። እኔ ሁለት ቀን አብሬያቸው ተቀመጥኩ። የሚጠበቅ ነገር በሌለበት ክፍል ውስጥ እግሬ ሲደበድብ አጎቴ ሰምቶ «ሰባት ወር፣ ረጋ በይ» አለኝ። በሦስተኛው ቀን ወደ ሥራዬ ተመለስኩ፤ እናቴ ቀረች።

ሦስት ሳምንት ያህል ቆየች። አንድ ከሰዓት በኋላ ቢሮ ሆኜ አንድ አስቸጋሪ ፕሮሰስ እያሳደድኩ፣ ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መሀል ይዤ አነሳሁት። ማን እንደደወለ እንኳ አላየሁም።

«አረፈ» አለኝ ድምፁ።

«በራሱ ነው በግድ?» አልኩ።

ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የእናቴ ድምፅ እንደሆነ የገባኝ። እጄ ከኪቦርዱ ላይ ተነሳ። ጋሼ ከወንበሩ ቀና ብሎ አየኝ። እናቴ ግን አልተቆጣችም፤ እስትንፋሷን ስትሰበስብ በስልኩ ይሰማኛል።

«በራሱ ነው ልጄ» አለችኝ። «ማንም አላጣደፈውም። ቆረበ፣ ልጆቹን መረቀ፣ እጄን እንደያዘ ነው። ለእሷ እንዴት ይነገር እያላችሁ እንዳትጨነቁ፤ እናትየው ተረድታለች።»